ስቴሽን ዋገን የት ገባ? የአሜሪካ መኪና ከመሬት ከፍ ያለበት ምክንያት

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ፣ ታክሲያችሁን ደጅ አቁማችሁ የገባችሁ፣ ሕፃን አቅፋችሁ የምታዳምጡኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ስለ መኪና ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ዋጋውንና ብልሽቱን ነው። ዛሬ ግን አንድ ጥያቄ ይዤ ቆሜያለሁ። እነዚያ ረጃጅም፣ ዝቅ ያሉ፣ ጣሪያቸው እስከ ኋላ ጫፍ የተዘረጋ የአሜሪካ የቤተሰብ መኪኖች የት ገቡ? በምትካቸውስ ክሮስኦቨር የምንለው ከፍ ያለ መኪና መንገዱን ሁሉ እንዴት ሞላው? አሁን ስትወጡ የመኪና ማቆሚያውን ቁጠሩት። ስንት ስቴሽን ዋገን ታገኛላችሁ? አንድ ካገኛችሁ ብዙ ነው።

"የሰው ምርጫ ተለወጠ" ብሎ መመለስ ይቻላል። እኔ ግን ቀድሞ የተለወጠው ሕጉ ነው እላለሁ። ሕጉ በር ከፈተ፤ ፋብሪካው በተከፈተው በር ገባ፤ ገዢው ደግሞ ተከትሎ ገብቶ ሲቀመጥበት ወደደው። እኔም በዚሁ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። መጀመሪያ ሕጉን፣ ቀጥሎ የመቀመጫውን ከፍታ፣ ከዚያ አንድ መኪና በሁለት ቁመት ሲሸጥ የሆነውን እናያለን። በመጨረሻ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ምን እንደምትለኩና ምን እንደምትጠይቁ እነግራችኋለሁ።

ከመጀመሬ በፊት ቃሉን እናጥራው። አገር ቤት "ስቴሽን ዋገን" ስንል፣ በተለይ በጨረታ ማስታወቂያና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ፣ ላንድክሩዘርን የመሰለ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ማለታችን ነው። አሜሪካኖች ይህን ስም ሲሉ ሌላ ነገር ነው የሚያዩት። ሴዳን፣ ማለትም የሻንጣ ሣጥኑ ከኋላ ለብቻው የሆነውን ተራ አውቶሞቢል፣ ውሰዱ፤ ጣሪያውን እስከ ኋላው ፓራውልት ድረስ ዘርጉት፣ የኋላውን በመስታወትና በአንድ ሰፊ በር ዝጉት። ሞተሩ የሴዳን ነው፣ ከመሬት ያለው ከፍታም የሴዳን ነው። ዛሬ ስቴሽን ዋገን ስል እሱን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ የአገራችንን አንዱን ስጠራ እነግራችኋለሁ።

ስሙ የመጣው ከባቡር ጣቢያ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተሳፋሪና ሻንጣ ከጣቢያ የሚያመላልሱ፣ አካላቸው ከእንጨት የሆነ መኪኖች ነበሩ። እንጨቱ በየጊዜው ቫርኒሽ ይፈልጋል፤ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት መጋጠሚያው ይላቀቃል፤ ሲሄድም ይንቋቋል። በ1946 ዊሊስ፣ በ1949 ደግሞ ፕሊማውዝ አካሉ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ ስቴሽን ዋገን አወጡ። ጊዜውም የእሱ ነበር። ጦርነቱ አልቋል፣ በየቤቱ ልጅ ይወለዳል፣ ሰው ከመሐል ከተማ ወጥቶ ዳር ዳሩን ቤት ይሠራል፤ በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የአውራ ጎዳናውን ሕግ ፈረሙ። አምስት ልጅ፣ አንድ ውሻ፣ የሁለት ሳምንት ሻንጣ ተጭኖ አገር አቋርጦ የሚሄደው በዚህ መኪና ነበር።

ከሁሉም የታወቀው የፎርድ ካንትሪ ስኳየር ነው። ጎኑ ላይ የእንጨት መልክ ያለው ፕላስቲክ ተለጥፎበታል። የኋላ በሩ ከ1966 ጀምሮ በሁለት መንገድ ይከፈታል፦ እንደ ፒክአፕ ስፖንዳ ወደ ታች ይወርዳል፣ እንደ ቤት በርም ወደ ጎን ይከፈታል። እንደዚህ ያሉት ትልልቆቹ ዋገኖች ወንበሩ ሲታጠፍ 4 በ8 ጫማ ኮምፔንሳቶ፣ ማለትም 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ጣውላ፣ ወለላቸው ላይ ጠፍጣፋውን ያስተኙታል። ቤት የሚያድስ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዛሬ ከሚሸጡት ክሮስኦቨሮች መካከል ይህን ጣውላ አስተኝቶ የሚወስድ ፈልጉ፤ ትደክማላችሁ።

እንግዲህ ወደ ሕጉ ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆይታ ስለምናደርግ ታገሡኝ።

በጥቅምት 1973 የአረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ለአሜሪካ ነዳጅ መሸጥ አቆሙ። 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወራት ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ይህ ማዕበል እኛም ዘንድ ደርሷል፤ በመካከላችሁ ያሉ አባቶች ታስታውሱታላችሁ። በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1966 የቤንዚን ዋጋ ሲጨመር የአዲስ አበባ ታክሲ ሹፌሮች አድማ መቱ፤ መንግሥት ጭማሪውን ለመቀነስ ተገደደ። ያ የካቲት በአገራችን ምን እንዳስከተለ መንገር አያስፈልገኝም። ያው የነዳጅ ድንጋጤ እዚህ አሜሪካ ደግሞ የመኪናን ቅርጽ ለወጠ።

በታኅሣሥ 1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ አንድ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ እያንዳንዱ የመኪና ኩባንያ የሚሸጣቸው መኪኖች በአማካይ በአንድ ጋሎን ስንት ማይል መሄድ እንዳለባቸው ይወስናል። ለአውቶሞቢል በ1978 በጋሎን 18 ማይል ተባለ፣ በ1985 27.5 ደረሰ። ትንሽ ዝቅ ብሎ በ1990 ወደ 27.5 ተመለሰና እስከ 2010 እዚያው ቆመ። ኩባንያው ከአማካዩ በታች ከወረደ ለእያንዳንዷ የማይል አንድ አሥረኛ 5 ዶላር፣ ከ1997 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ደግሞ 5.50 ዶላር፣ በሸጠው መኪና ብዛት ተባዝቶ ይቀጣ ነበር።

የጭነት መኪናስ? ለእሱ ለብቻው ሌላ መለኪያ ወጣለት፣ ዝቅ ያለ። ያን ጊዜ ፒክአፕ ማለት የገበሬና የግንበኛ የሥራ ዕቃ ስለነበር ማንም ክፋት አላሰበም። ከ1996 እስከ 2004 ባሉት ዓመታት የቀላል ጭነት መኪና መለኪያ በጋሎን 20.7 ማይል ነበር። እደግመዋለሁ፤ አውቶሞቢል 27.5፣ ጭነት 20.7። የቀረው ታሪክ ሁሉ የመጣው ከዚህ ክፍተት ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ትልቅ ስቴሽን ዋገን በመንግሥት መለኪያ በጋሎን 20 ማይል ይሄዳል እንበል። 100 ማይል ለመሄድ 5 ጋሎን ይበላል። ሕጉ የሚፈቅደው 27.5 ማይል ነው፤ ይህም ለ100 ማይል 3.64 ጋሎን ገደማ ነው። ስለዚህ ይህ ዋገን 1.36 ጋሎን ዕዳ ያስገባል። ዕዳውን ማን ይከፍላል? በጋሎን 33 ማይል የምትሄድ ትንሽ መኪና ለ100 ማይል 3.03 ጋሎን ትበላለች፤ 0.61 ጋሎን ታተርፋለች። አባዙት፦ 4 ዋገን የሸጠ ኩባንያ ሒሳቡን ለማስተካከል 9 ትንንሽ መኪና መሸጥ አለበት። ትንሿ መኪና ደግሞ ትርፏ ትንሽ ነው። አሁን ያንኑ ዋገን "ጭነት" በሚለው መዝገብ አስገቡት። መለኪያው 20.7፣ መኪናው 20፤ ዕዳው ከመቅጽበት ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ሞተሩ ያው፣ ነዳጁ ያው፣ የተለወጠው መዝገቡ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። በ1978 የወጣ የግብር ሕግ ብዙ ነዳጅ የሚበላ አውቶሞቢል ላይ ግብር ጣለ። ዛሬ በጋሎን ከ22.5 ማይል በታች ለሚሄድ አውቶሞቢል ከ1,000 ዶላር ጀምሮ እስከ 7,700 ዶላር ይደርሳል። ሚኒቫን፣ ፒክአፕና ኤስዩቪ (ጂፕ መሰሉ ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና) ግን ነፃ ናቸው። የፓራውልት ደንቡም እንዲሁ ነው፤ አውቶሞቢል ፓራውልቱ ከመሬት ከ16 እስከ 20 ኢንች ባለው ቦታ ግጭት መመከት አለበት፣ ጭነት መኪናን ግን ደንቡ አይመለከተውም። መስታወቱንም ተመልከቱ። የሴዳን የኋላ መስታወት ከፋብሪካ ጥቁር ሆኖ የማይመጣው፣ የክሮስኦቨሩ ግን ጥቁር ሆኖ የሚመጣው ለምን ይመስላችኋል? የፌዴራሉ የመስታወት ደንብ አውቶሞቢል በሁሉም መስኮት ብርሃን እንዲያስገባ ያዛል፤ በሌላው ወገን ለተመዘገበው ከሹፌሩ በስተኋላ ይፈቅዳል። ጎን ለጎን አቁማችሁ እዩአቸው፤ የሕጉ ልዩነት በዓይን ይታያል።

"ጭነት" ለመባል ታዲያ ምን ይጠይቃል? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ በዚያ ዘመን፣ የኋላ ወንበሮቹ ሲነሡ ጠፍጣፋ የዕቃ ወለል መገኘቱ ነበር። ሚኒቫን ያለፈው በዚህ ነው። በ1983 መጨረሻ ክራይስለር በሊ አያኮካ አመራር ዶጅ ካራቫንንና ፕሊማውዝ ቮያጀርን አወጣ። የፊት ጎማ የሚነዳቸው፣ ወለላቸው ዝቅ ያለ፣ ተራ ጋራዥ የሚገቡ ነበሩ። ለነዳጁ ሒሳብ ግን "ጭነት" ተብለው ተመዘገቡ። ስቴሽን ዋገን የመጀመሪያውን ከባድ ምት የተቀበለው ከእነዚህ ነው፤ ክሮስኦቨር ገና ስሙም አልተሰማም ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ከፍታ ነው። መኪናው አራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ፣ ወይም ከሙሉ ጭነቱ ጋር ከ6,000 ፓውንድ በላይ ከሆነ፣ ከአምስት መለኪያዎች አራቱን ካሟላ ያልፋል። የፊት አፍንጫው ዳገት ሲጀምር የማይነካበት አንግል 28 ዲግሪ፣ ሆዱ ጉብታ ሲሻገር 14 ዲግሪ፣ ጭራው ሲወርድ 20 ዲግሪ፣ ሆዱ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር፣ አክስሎቹ 18 ሳንቲ ሜትር። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ። የክሮስኦቨር አገጭ ለምን ወደ ላይ እንደተቆረጠ፣ ጭራው ለምን አጭር እንደሆነ የሚነግሯችሁ እነዚህ ቁጥሮች ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በሁለት ዓመተ ምሕረቶች ማየት ይቻላል። በ1991 ካንትሪ ስኳየር ቆመ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1990 የፀደይ ወራት፣ ያው ፎርድ በፒክአፕ ሻንሲ ላይ የተሠራውን ኤክስፕሎረር አውጥቶ ነበር፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ በዓመት ከ400,000 በላይ ይሸጥ ጀመር። ጀነራል ሞተርስ ደግሞ ትልልቆቹን ዋገኖች፣ ሸቭሮሌት ካፕሪስንና ቢውክ ሮድማስተርን፣ በቴክሳስ አርሊንግተን ፋብሪካ ይሠራ ነበር። የካፕሪሱ ዋገን ርዝመቱ አምስት ሜትር ተኩል ነው፤ ከኋላ ወደ ኋላ የሚያይ ሦስተኛ ወንበር አለው። በ1996 ሁለቱም ቆሙ። ፋብሪካው ግን አልተዘጋም፤ ታድሶ ትልልቅ ኤስዩቪ ወደ መሥራት ዞረ። ያው ጣሪያ፣ ያው ከተማ። ቤንዚኑም በ1999 መጀመሪያ በአማካይ በጋሎን ከአንድ ዶላር በታች ወርዶ ነበርና ማንም ስለ ፍጆታው አልተጨነቀም።

ሕጉ ቅርጽን እንዴት እንደሚቀርጽ ሁለት ምሳሌ ብቻ ላክል። በ2000 ገበያ ላይ የወጣው ፒቲ ክሩዘር ከትንሽ አውቶሞቢል የተወለደ ትንሽ መኪና ነበር። የኋላ ወንበሮቹ ተነቅለው ወለሉ ጠፍጣፋ እንዲሆን ተደርጎ ተሠራ፤ ስለዚህ በነዳጁ መዝገብ "ጭነት" ሆኖ ገባ። ትንሽ ነዳጅ የሚበላ ስለሆነ የክራይስለርን ከባድ ፒክአፖች አማካይ ከፍ አደረገ። ሱባሩ ደግሞ የ2005ቱን አውትባክ ከፍታውን አስተካክሎ "ጭነት" አስባለው። ያኔ አውትባክ ማለት ሌጋሲ የተባለው ስቴሽን ዋገን ከመሬት ከፍ ሲል ነበር፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እንደ ጀብደኛ መኪና ሲተዋወቅ የኖረ።

በ2011 መንግሥት ቀዳዳውን በከፊል ደፈነ፤ ሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳ፣ ከ6,000 ፓውንድ በታች የሆነ ክሮስኦቨር ወደ አውቶሞቢል መዝገብ ተመለሰ። አራቱም ጎማ የሚነዳው ወንድሙ ግን እዚያው "ጭነት" እንደሆነ ቀረ። አንድ ቀለም፣ አንድ በር፣ አንድ ሞተር፤ ሁለት መዝገብ።

ስለ ሕጉ ይህ ይበቃል። ግን ሕጉን ብቻ ብወቅስ ሐቁን ማጉደል ይሆንብኛል። አውሮፓ ውስጥ ነዳጅ ውድ ነው፣ እንዲህ ያለ የጭነት ቀዳዳም የለም፤ ስቴሽን ዋገን በጀርመንና በስዊድን ረጅም ዕድሜ አግኝቷል። ነገር ግን እዚያም ቢሆን በቅርብ ዓመታት ከፍ ያለው መኪና ገበያውን እየወሰደው ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ነጥብ፣ የመቀመጫውን ከፍታ፣ በቁም ነገር መውሰድ አለብን።

እናቶች ይመስክሩ! ሕፃን በወንበሩ አስራችሁ ዝቅ ካለ መኪና ስታወጡ ወገባችሁ ምን ይላል? ከ2002 ጀምሮ እያንዳንዱ አዲስ መኪና የሕፃን ወንበር ማሰሪያ ማንጠልጠያ እንዲኖረው ግድ ሆነ። ወንበሩም ልጁም ከብደዋል፣ ልጁ በወንበር የሚታሰርበት ዕድሜም ረዝሟል። በሴዳንና በዋገን የመቀመጫው ከፍታ ከመሬት 55 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በክሮስኦቨር ከ65 እስከ 70። ይህች አሥር፣ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር በቀን ስምንት ጊዜ ጎንበስ ለምትል እናት ትልቅ ነገር ናት። ጉልበቱን ለሚያመው አባትም ያው ነው፤ ታጥፎ ከመውረድ ይልቅ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ይህን ምቾት የሚያጣጥል ሰው ሕፃን አውርዶ አያውቅም።

ፍርሃትም አለ። ፊት ለፊታችሁ ትልቅ ፒክአፕ ሲቆም ከዝቅተኛ መኪና ምንም አይታይም፤ ማታም መብራቱ በመስታወታችሁ ውስጥ ዓይናችሁን ይመታል። ጎረቤት ከፍ ሲል እናንተም ከፍ ትላላችሁ። እግረኛው ግን ከፍ ማለት አይችልም። በዚህ አገር በ2009 4,100 ገደማ እግረኞች በመኪና ሞቱ፤ በ2022 ከ7,500 አለፉ። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ፍጥነትም፣ ስልክም፣ ጨለማም አለበት። ከፍ ያለና ቀጥ ያለ ኮፈን ግን ሰውን እግሩ ላይ ሳይሆን ደረቱ ላይ እንደሚመታ ማስተባበል አይቻልም። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ስትነዱ ይህን አስቡልኝ፣ እባካችሁ።

ታዲያ ከትልቁ ኤስዩቪ ወደ ክሮስኦቨር ምን አመጣን? የ2000 ዓመት የጎማ ጉዳይ ነው። ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ጠራ፤ ጎማው ሲላጥ ከፍ ያሉት ኤስዩቪዎች፣ ከሁሉም በላይ ኤክስፕሎረር፣ ይገለበጡ ነበር። መንግሥት 271 ሞት መዝግቧል። ሰው ከፍታውን አልጠላም፤ መገልበጡን ግን ፈራ። በዚህ ጊዜ መልሱ ገበያ ላይ ተዘጋጅቶ ቆሟል፦ በ1996 አሜሪካ የገባው ቶዮታ ራቭ ፎር፣ በ1997 የገባው ሆንዳ ሲአርቪ፣ በ1998 የመጣው ሌክሰስ አርኤክስ። አካላቸው እንደ አውቶሞቢል አንድ ወጥ ነው፣ የፒክአፕ ሻንሲ የለባቸውም፣ ሞተራቸው በአግድም ተቀምጦ የፊት ጎማ ይነዳል። ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ መኪና ሲንሸራተት እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻው የሚያፍነው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ በሁሉም ላይ ግድ ሆነ፤ መገልበጥም በጣም ቀነሰ። በ2017 ራቭ ፎር ከቶዮታ ሴዳን ከካምሪ በላይ ተሸጠ። በ2018 ፎርድ ከሙስታንግ በስተቀር ሴዳኖቹን ከሰሜን አሜሪካ እንደሚያስወጣ አስታወቀ። በ1975 በአሜሪካ ከተመረቱ አምስት ቀላል ተሽከርካሪዎች አራቱ ሴዳን ወይም ስቴሽን ዋገን ነበሩ፤ ዛሬ ከአራት አንድ ገደማ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ። "ከፍታው ብቻውን ምን ያህል ይሸጣል?" ለሚል ሰው ንጹሕ ምሳሌ አለ። የሱባሩ ኢምፕሬዛ ባለ አምስት በሩና ክሮስትሬክ አንድ መኪና ናቸው። በሩ ያው፣ ጣሪያው ያው፣ ሁለቱም አራት ጎማ ይነዳሉ፣ የ2019ኙ ሞተራቸውም ያው ሁለት ሊትር ነው። ልዩነቱን ቁጠሩ፦ ረዘም ያለ ሞላ፣ ተለቅ ያለ ቸርኬና ጎማ፣ በጎማው ዙሪያ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ጣሪያ ላይ የዕቃ ማሰሪያ ብረት። የኢምፕሬዛ ሆድ ከመሬት 5.1 ኢንች ነው፣ የክሮስትሬክ 8.7፤ ማለትም ከ13 ወደ 22 ሳንቲ ሜትር። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር! በ2019 ኢምፕሬዛ ከ70,000 በታች ተሸጠ፤ ክሮስትሬክ ከ130,000 በላይ። በዚያው ዓመት በመነሻ ዋጋም ክሮስትሬክ ከ2,000 ዶላር በላይ ይበልጥ ነበር። ፋብሪካ ብትሆኑ የትኛውን ትሠራላችሁ?

ገዢውስ ምን ይከፍላል? በአውራ ጎዳና የ2019ኙ ኢምፕሬዛ በጋሎን 36 ማይል፣ ክሮስትሬክ 33። በዓመት 40,000 ማይል የምትነዱ ወንድሞች፣ አብዛኛው በሀይዌይ ከሆነ፣ 1,111 ጋሎን ከ1,212 ጋሎን ጋር አነጻጽሩ። በየዓመቱ መቶ ጋሎን ገደማ ለነፋስ ትከፍላላችሁ። ለነፋስ ስል ለማጋነን አይደለም፤ መኪና ከፍ ሲል ነፋሱ የሚመታው ፊቱም ሆዱም ይሰፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ብዙም አይሰማችሁም፤ ከ60 ማይል በላይ ነው የሚሰማው።

አውቶሞቢልን ከፍ አድርጎ የመሸጡን ሐሳብ ማን ቀድሞ አሰበው? አሜሪካን ሞተርስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ በዊስኮንሲን ኬኖሻ ኢግል የተባለ መኪና በ1979 አወጣ። ኮንኮርድ የተባለውን አውቶሞቢሉን ወስዶ ሦስት ኢንች ገደማ ከፍ አደረገው፤ ከታች አራቱን ጎማ የሚነዳ ሥርዓት ገጠመለት። ከሁሉ በላይ የተሸጠው ስቴሽን ዋገኑ ነበር። ኩባንያው በ1987 ለክራይስለር ተሸጠ፣ ኢግልም በዚያው ዓመት መጨረሻ ቆመ። ሃያ ዓመት ቀድሞ ነበር የመጣው።

አሁን ወደ ተግባሩ። መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ሜትር ያዙ፣ እርሳስ ያዙ።

የሹፌሩን በር ክፈቱ። ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ። "ፓሴንጀር ካር" ወይም "ኤም ፒ ቪ" ይላል፤ ክሮስኦቨር አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ይህ የደኅንነቱ መዝገብ ስለሆነ ከነዳጁ መዝገብ ጋር ሁልጊዜ አንድ አይደለም። የምትፈልጉት ከሱ በላይ ያለውን ቁጥር ነው፦ መኪናው ከነጭነቱ ስንት ፓውንድ እንደሚፈቀድለት። ሰባት ሰውና ሻንጣ ስትጭኑ ይህን ቁጥር እንዳታልፉት። ወንበር ቁጥር ብቻ አይታመንም።

የዕቃ ቦታውን በብሮሹሩ አትመኑ፣ ለኩት። ብሮሹሩ የሚለካው እስከ ጣሪያ ድረስ ነው። ወንበሩ ሲታጠፍ የ2020ው አውትባክም የ2020ው ሲአርቪም 75 ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ይላሉ። ግን አውትባኩ ይህን የሚያገኘው በርዝመት ነው፣ ሲአርቪው በቁመት። ወንበሩ ሳይታጠፍ ከወንበሩ ጀርባ በላይ የጫናችሁት ዕቃ ፍሬን ስትይዙ ወደ ልጆቹ ራስ ይመጣል፤ የኋላ መስታወታችሁንም ይጋርዳል። ስለዚህ ሦስት ነገር ለኩ፦ ከወንበር ጀርባ እስከ በር ያለውን ወለል፣ በሁለቱ የጎማ ጉብታዎች መካከል ያለውን ስፋት፣ የወለሉን ከፍታ ከመሬት። የሃምሳ ፓውንድ ጤፍ ከረጢት እስከ ወገብ ማንሣትና እስከ ጉልበት ማንሣት አንድ አይደለም።

አራቱም ጎማ የሚነዳው ያስፈልጋችኋል? በዋሽንግተን አካባቢ በረዶ በዓመት ጥቂት ቀን ነው። በ2020ው ሲአርቪ ይህ ምርጫ 1,500 ዶላር ይጨምራል፣ በጋሎን አንድ ማይል ይወስዳል። አራት ጎማ መንዳት ለመነሣት እንጂ ለመቆም አይረዳም፤ በበረዶ ላይ የሚያቆማችሁ ጎማው ነው። በዚያው ገንዘብ ጥሩ የክረምት ጎማ ትገዛላችሁ፣ ይተርፋችኋልም። ሚኒሶታ ለሚኖር ወገን ግን ሌላ እመክራለሁ።

ያገለገለ ባለ አራት ጎማ ነጂ ከገዛችሁ የኋላው ዲፈረንሻል ዘይት መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። በሲአርቪ ዓይነቱ ላይ ዘይቱ ሲያረጅ መኪናው በዝግታ ሙሉ ለሙሉ ሲታጠፍ ከኋላ ያጉረመርማል። የመኪና ማቆሚያ ውስጥ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙራችሁ በዝግታ ሁለት ዙር ሂዱ፣ ሬዲዮውን አጥፉ፣ አዳምጡ። ብዙ ጊዜ ዘይቱን በራሱ ዓይነት መቀየር ይፈታዋል። የሌላ ዓይነት ዘይት ከተጨመረበት ግን ይብስበታል።

የመጨረሻው ጎማ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ሲባክን ይታያል። አንድ ጎማ ተቀደደ፣ አንድ አዲስ ገዛችሁ፣ ሦስቱ አሮጌ ናቸው። በሴዳን ቢሆን ብዙም ችግር የለውም። በባለ አራት ጎማ ነጂ ግን አስሉት። የጎማ ጥርስ አንድ ሚሊ ሜትር ሲለያይ ዙሪያው ከስድስት ሚሊ ሜትር በላይ ይለያያል። ሱባሩ የሚፈቅደው ልዩነት ሩብ ኢንች ነው፣ ያው ስድስት ሚሊ ሜትር። አዲሱ 8 ሚሊ ሜትር፣ አሮጌዎቹ 5 ከሆኑ ልዩነቱ ዙሪያው ላይ 19 ይሆናል፤ ከተፈቀደው ሦስት እጥፍ። በየዙሩ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ስለሚለይ ኃይል የሚያከፋፍለው ፍሪሲዮን ያለ ዕረፍት ይንሸራተታል፣ ዘይቱ ይግላል፣ ይቃጠላል። ወይ አራቱንም ቀይሩ፣ ወይ ጎማ ቤቱ አዲሱን ላጭቶ ከሌሎቹ ጋር እንዲያስተካክል ጠይቁ፤ ይህን የሚሠሩ አሉ። ያገለገለ ስትገዙም አራቱንም ጎማ ጥርሳቸውን ለኩ። አንዱ የተለየ ሆኖ ካገኛችሁት መቼ እንደገባ ሻጩን ጠይቁ።

በሉ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ከዚያ ውጭ እንወጣለን፤ አንድ ሴዳንና አንድ ክሮስኦቨር ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ሜትሩ ይኸው። የመቀመጫውን ከፍታ መጀመሪያ የሚለካው ማን ነው?